ቫይረስና ቪራይል፤ መልክ እንጂ ዘር የማያገናኛቸው ቃላት



አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ‹‹ቪራይል›› የሚለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉና ‹‹ወንድነት ያለው፤ ብርቱ ማለት ነው›› ብለው ተረጐሙልን፡፡ ከበስተኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ወዲያው እጁን አወጣና ‹‹እንግዲያው ቫይረስ የሚባለው የበሽታ ስም ከዚህ የወጣ ነውን? በሽታው ብርቱ ስለ ሆነ ይሆን?›› ሲል ጠየቀ፡፡ ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፡፡ መምህራችን ግን አልሣቁም፡፡ ‹‹ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም፤ መልሱን ፈልጋችሁ አምጡ›› አሉን፡፡ ይህች አነስተኛ ጽሑፍ ያን መልስ ስንፈልግ የተገኘች ናት፡፡

አባቶቻችን ‹‹ስምን መልአክ ያወጣዋል›› ይላሉ፡፡ የቃላትን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ስምን የሚያወጣው፤ የሚለውጠውና አንዳንድ ጊዜም የሚያሳስተው የሰው ልጅና ዘመን መሆኑን ይረዳል፡፡ እኔም ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተነሥቼ ስሄድ፤ ሳላስበው ወደ አገራችን ክፉ ቀን ታሪክ ደረስሁ፡፡ ስለዚህ ጽሑፌ በሮም ቋንቋ ይጀምርና በሱሉልታ ሜዳ ላይ ያበቃል፡፡

የሁለቱ ቃላት ሥር

ሁለቱም ቃላት ከላቲን የተገኙ ናቸው፡፡ ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ሲሆን፤ ግዕዝ ለአማርኛ እንደ ሆነው ሁሉ፤ ለእንግሊዝኛም ረቂቁን ቃል የሚያበድር የሊቃውንት ቋንቋ ሆኖ ኖሯል፡፡

በላቲን ‹‹ዊር›› ማለት ወንድ ነው፡፡ ከዚህ ቃል ‹‹ዊሪሊስ›› የሚል ቅጽል ወጣ፤ እርሱም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በእንግሊዝኛ ‹‹ቪራይል›› ሆነ፡፡ ‹‹ዊሩስ›› ማለት ግን መርዝ ነው፡፡ የእባብ መርዝ፤ ዝልግልግ ያለ ክፉ ፈሳሽ፤ የሚከረፋ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፡፡ እንግዲህ አንዱ ወንድ፤ ሁለተኛው መርዝ ነው፡፡ በመካከላቸው ምንም ዝምድና የለም፡፡

ታዲያ ስለ ምን ተመሳሰሉ? የቋንቋ ሊቃውንት መልሱን አግኝተውታል፡፡ የጥንት ሮማውያን በሁለት አናባቢዎች መካከል የሚገኘውን የ‹‹ሰ››ን ድምፅ ከዘመን ብዛት ወደ ‹‹ረ›› ለውጠውታል፡፡ ‹‹ዊሩስ›› በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ‹‹ረ››ም ድሮ ‹‹ሰ›› ነበር፡፡ ለዚህ ምስክሩ የላቲን የሩቅ ዘመድ የሆነው የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪት ነው፡፡ በሳንስክሪት መርዝ ‹‹ቪሻ›› ይባላል፤ ጀግና ደግሞ ‹‹ቪራ›› ይባላል፡፡ በዚያ ቋንቋ ሁለቱ ሳይደባለቁ ቀርተዋል፡፡ በላቲን ግን የመርዙ ስም ድምፁን ለውጦ የወንዱን ስም መልክ ለበሰ፡፡

ያም ሆኖ ሮማውያን ሁለቱን ቃላት አያሳስቱም ነበር፡፡ በመርዙ ስም ውስጥ የመጀመሪያው አናባቢ ረዥም ነው፤ በወንዱ ስም ውስጥ ግን አጭር ነው፡፡ ይህን ለመረዳት ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አይከብድም፡፡ እኛም ‹‹ዋና›› ብለን ስንጽፍ፤ ‹‹ና››ን ብናጠብቀው የነገሩ ራስ፤ ብናላላው በውኃ መዋኘት ይሆናል፡፡ ‹‹ገና›› ስንልም አንዱ የልደት በዓል ነው፤ ሁለተኛው ‹‹ጊዜው አልደረሰም›› ማለት ነው፡፡ በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በአንደበት ግን ሁለት ናቸው፡፡ በጽሑፍ መልክ ብቻ ተመርቶ ‹‹ገና እና ገና ወንድማማች ናቸው›› የሚል ሰው ቢኖር እንስቅበታለን፡፡ ጓደኛችን የተሳሳተውም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ስሕተት ብዙ የተማሩ ሰዎች ጭምር የሚሳሳቱት ነው፡፡

ይህንንም በአንድ ምሳሌ ላስረዳ፡፡ አንዳንድ እንግሊዝኛ አዋቂዎች ‹‹ቫይረስ›› የሚለውን ቃል በላቲን ሥርዓት ለማብዛት ፈልገው ‹‹ቪሪ›› ይላሉ፡፡ በላቲን ግን ‹‹ዊሪ›› ማለት ወንዶች ማለት ነው! ሐኪሙ ‹‹በሽተኛው ብዙ ቫይረሶች አሉበት›› ያለ መስሎት ‹‹ብዙ ወንዶች አሉበት›› ብሎ ተናገረ ማለት ነው፡፡ የመርዙ ስም እንደ ውኃና እንደ ማር የማይቈጠር ነገር ስም ስለ ነበር፤ ሮማውያን ብዙ ቁጥር አላበጁለትም፡፡

ከወንድ የተወለዱ ቃላት

‹‹ዊር›› ብዙ ልጆች ወልዷል፡፡ ከሁሉ የሚበልጠው ‹‹ዊርቱስ›› የሚለው ነው፡፡ የመጀመሪያ ትርጉሙ ወንድነት፤ በጦር ሜዳ የሚታይ ጀግንነት ነበር፡፡ ሲሴሮ የተባለው የሮም ሊቅ ይህ ቃል ከ‹‹ዊር›› የወጣ መሆኑን ራሱ ጽፏል፡፡ በኋላ ግን ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ ደግነት፤ ትዕግሥት፤ ንጽሕና፤ እውነተኛነት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩ ጀመር፡፡ በእንግሊዝኛ ‹‹ቨርቹ›› የሚባለው፤ እኛ ምግባር ወይም በጎ ጠባይ የምንለው፤ ይኸው ቃል ነው፡፡ እንግዲህ ከጦር ሜዳ የተነሣው ቃል በመጨረሻ የመነኩሲቱንና የእናቲቱን ትዕግሥት መጠሪያ ሆነ፡፡

በአገራችንም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቃል አለ፤ ‹‹ጨዋ›› የሚለው ነው፡፡ በመካከለኛው ዘመን ጨዋ ማለት በየጠረፉ የሚሰፍር የንጉሥ ወታደር ነበር፡፡ ዛሬ ግን ጨዋ ስንል ጠባየ መልካም፤ ታላቁን የሚያከብር፤ አንደበቱን የሚገራ ሰው ማለታችን ነው፡፡ ሮማዊውም ኢትዮጵያዊውም እጅግ ተራርቀው ሳሉ የወታደሩን ስም ወስደው ለመልካም ሰው ሰጡት፡፡ ከዚህ የምንረዳው፤ ሕዝብ ሲበስል ጀግንነትን ከጦር ብቻ ሳይሆን ከጠባይም መመዘን እንደሚጀምር ነው፡፡

‹‹ቪራጎ›› የሚለውም ከዚሁ ግንድ ነው፡፡ በላቲን እንደ ወንድ የጀገነች ሴት ማለት ነበር፡፡ ቅዱስ ጄሮም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ሲተረጕም፤ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያይቱ ሴት ከወንድ ተገኝታለችና የተሰጣትን ስም በዚህ ቃል ተረጐመው፡፡ በኋለኛው እንግሊዝኛ ግን ትርጉሙ ወርዶ ተሳዳቢ፤ ነገረኛ ሴት የሚል ስድብ ሆነ፡፡ ወንድ ቢደፍር ‹‹ቨርቹ››፤ ሴት ብትደፍር ስድብ! በዐድዋ ዘመቻ ጦር አሰልፈው የዘመቱት እቴጌ ጣይቱ ግን በቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ሊጠሩ የሚገባቸው ናቸው፡፡

‹‹ወርልድ›› ማለትም ዓለም የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ የዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ስሰማ ተደንቄአለሁ፡፡ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ‹‹ወር›› ማለት ወንድ፤ ሰው ማለት ሲሆን፤ ‹‹ወርልድ›› የሰው ዘመን ማለት ነው፡፡ በተረታቸው ሌሊት ወደ ተኵላ የሚለወጠው ሰውም ‹‹ወርዉልፍ›› መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ በኛ ተረት ግን የሚለወጠው ወደ ጅብ ነው፡፡

ደግሞ በአካባቢያችን በሚነገረው በኦሮምኛ ወንድ ‹‹ዺራ››፤ ወንድነት ‹‹ዺሩማ›› ይባላል፡፡ ይህም ‹‹ዊር››ን ይመስላል፡፡ ነገር ግን ኦሮምኛ ከላቲን ጋር አንድ ቤተሰብ ስላልሆነ፤ መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ ነው፡፡ መልክ ሁሉ ዘመድ አይደለም፡፡

መርዙ ሕያው ሆኖ እንደ ተገኘ

የመርዙ ቃል ከ600 ዓመት በፊት ግድም ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ፤ በቁስል ውስጥ የሚገኘውን ክፉ ፈሳሽና መርዝን ያመለክት ነበር፡፡ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1798 ስለ ላም ፈንጣጣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥም ‹‹ቫይረስ›› የሚል ቃል ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን በሽታ የሚያስተላልፍ መርዝ ማለት እንጂ ዛሬ እኛ የምናውቀው አልነበረም፡፡

የዛሬው ትርጉም የተገኘው ከአንድ የትምባሆ ቅጠል በሽታ ነው፡፡ በ1892 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የታመመውን ቅጠል ጨምቆ፤ ባክቴሪያን በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ አጠለለው፡፡ የጠለለው ውኃ ጤነኛውን ቅጠል ሲነካ አሳመመው፡፡ በ1898 እ.ኤ.አ. ማርቲኑስ ቤይሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ ይህንኑ ደግሞ ፈተነና ‹‹ሕይወት ያለው ተላላፊ ፈሳሽ ነው›› ብሎ ቫይረስ የሚለውን የድሮ ስም ሰጠው፡፡ በዚያው ዓመት ሎፍለርና ፍሮሽ የተባሉ ጀርመናውያን የከብቶች አፍተ እግር በሽታ ከእንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር እንደሚመጣ አስረዱ፡፡

ቤይሪንክ ፈሳሽ ነው ማለቱ ስሕተት ነበር፡፡ በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ እንደ ጨው አርግቶ አገኘው፤ በ1939 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልኩ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ፡፡ ቫይረስ በሌላ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር ብቻውን መራባት የማይችል ረቂቅ ነው፡፡ ስፋቱ 100 ናኖሜትር የሆነ ቫይረስ 10,000 ያህሉ ጐን ለጐን ቢደረደር፤ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፡፡

ወደ አማርኛ የገባው ስም በማን አንደበት እንደ መጣ ራሱ ቃሉ ይናገራል፡፡ ፈረንሳዮች፤ ጣሊያኖችና ጀርመኖች ‹‹ቪ›› ብለው ሲጀምሩት፤ ‹‹ቫይ›› የሚለው እንግሊዝ ብቻ ነው፡፡ እኛም ‹‹ቫይረስ›› ስለምንል ቃሉን ከእንግሊዝኛ መውሰዳችን ግልጽ ነው፡፡ የሚጻፍበት ‹‹ቨ›› የተባለው ፊደል ራሱ ‹‹በ››ን አስመስሎ ለባዕድ ድምፅ በኋላ የተጨመረ ነው፡፡ እንግዲህ ስሙም ፊደሉም ለኛ እንግዳ ነው፡፡ በሽታው ግን ከስሙ አስቀድሞ መጥቶ ነበር፡፡

ስሙ ሳይመጣ በሽታው መጣ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ዘመን አባቶቻችን ‹‹ክፉ ቀን›› ይሉታል፡፡ ያ ዘመን የጀመረው በከብት ነው፡፡ ጣሊያኖች ለጦራቸው ካስመጡአቸው ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል አንድ በሽታ እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፡፡ በሽታው ከሰሜን ተነሥቶ ሸዋን፤ ከሸዋም አልፎ ደቡቡን አዳረሰ፡፡ ከአገሪቱ ከብቶች ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ ይገመታል፡፡

የዚህ በሽታ ስም በአማርኛ ‹‹ደስታ›› ይባላል፡፡ ስሙን ከሥራው ጋር ያስተያየ ሰው ይደነቃል፤ ከቶ እንዲህ ያለ ደስታ በማንም ቤት አይግባ! ጀርመኖች ‹‹ሪንደርፔስት›› ማለትም የከብት መቅሠፍት ያሉት ሲሆን፤ ይኸው ስም በእንግሊዝኛም ተወስዷል፡፡

ገበሬ በሬው ሲሞትበት ምን እንደሚሆን በሱሉልታ ላደገ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡ አገራችን የሣርና የድርቆሽ፤ የወተትና የከብት አገር ነው፡፡ ጥማድ በሬ የሌለው ሰው መሬት እያለው ይራባል፡፡ በዚያን ዘመንም የሆነው ይኸው ነበር፤ ሞፈሩ ተሰቀለ፤ ቀንበሩ ተጣለ፤ እርሻው ጦም አደረ፡፡ በዚህ ላይ ድርቅ፤ አንበጣና ተምች ተጨመረበት፡፡ ከረኀቡ ጋር ፈንጣጣና ሌላም ተላላፊ በሽታ ተከተለ፡፡ ከሕዝቡ ሢሶው እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ፡፡

እዚህ ላይ ሁለቱ ቃሎቻችን፤ መርዙና ወንዱ፤ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፡፡ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ ማረስ የወንድ ሥራ ነው፤ የሚታረሰውም በበሬ ነው፡፡ መሬትን በእጅ መቆፈር ለብዙ ሰው እንደ ውርደት ይታይ ነበር፡፡ በሬው ከሞተ በኋላም ‹‹እኔ ወንድ ልጅ ዶማ ይዤ ልቆፍር?›› ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ብዙ ነበር፡፡ ያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፡፡ መኳንንቱም ሕዝቡም ንጉሡን አይተው እንዲከተሉ ነበር ይህን ያደረጉት፡፡

የንጉሡን ሥራ ከቃሉ ታሪክ ጋር ሳስተያየው ትልቅ ትምህርት አገኘሁበት፡፡ በጦር ሜዳ ወንድ መሆን ለምኒልክ አዲስ ነገር አልነበረም፡፡ ዶማ መያዝ ግን ኵራትን መርገጥ ይጠይቃል፡፡ ‹‹ወንድነት›› የሚለው ቃል ከትምክሕት ወጥቶ ወደ ምግባር፤ ከ‹‹ቪራይል›› ወደ ‹‹ቨርቹ›› የተሻገረው በዚያች ዶማ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፡፡

የሚያሳዝነው ነገር፤ በሽታው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ በዓለም ላይ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው፡፡ ‹‹ደስታ›› ከቫይረስ የሚመጣ መሆኑን ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊና አዲል ቤይ የተባለ የኦቶማን ሐኪም በቁስጥንጥንያ ያስረዱት በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ የኛ በሬዎች ካለቁ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፡፡

የኅዳር በሽታ

ሁለተኛው መቅሠፍት በሰው ላይ መጣ፡፡ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታውን በሽታ ሕዝቡ ‹‹የኅዳር በሽታ›› ብሎ ሰየመው፡፡ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ በኋላ ድነዋል፡፡ በከተማይቱ እስከ ዐሥር ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፡፡ ይህ በሽታ በዚያን ዓመት ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፡፡

የኢንፍሉዌንዛም ስም ታሪክ አለው፡፡ ከጣሊያንኛ የተገኘ ሲሆን ተጽዕኖ ማለት ነው፤ ይኸውም የከዋክብት ተጽዕኖ በሽታ ያመጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው፡፡ አውሮፓውያን ወደ ኮከብ ሲያዩ፤ የኛ ሰዎች ደግሞ ወደ አየሩ አዩ፡፡ በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠልና ደጅን ማጠን እስከ ዛሬ ድረስ ‹‹ኅዳር ሲታጠን›› እየተባለ ይፈጸማል፡፡ በየዓመቱ በዚያች ቀን በሰፈራችን ጭሱ ሲነሣ የምናየው እኛ ተማሪዎች የጥንት ልማድ ብቻ ይመስለን ይሆናል፡፡ እርሱ ግን ከዚያ መከራ የተረፉት ሰዎች ያቆሙት መታሰቢያ ነው፡፡ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ከቫይረስ እንደሚመጣ በላቦራቶሪ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፤ ያን ጊዜ በጭስ በመዋጋታቸው ማንም ሊስቅባቸው አይገባም፡፡

ከላም የተገኘ ስምና ከብዕር የተገኘ ስም

ለመርዙ መድኃኒት የሆነው ነገር በእንግሊዝኛ ‹‹ቫክሲን›› ይባላል፡፡ ይህም ሦስተኛ ተመሳሳይ ቃል ነው፤ በ‹‹ቨ›› ይጀምራልና ከቫይረስ የወጣ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን ሥሩ ‹‹ዋካ›› የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ላም ማለት ነው፡፡ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የተገኘውን ነገር በሰው ክንድ ላይ በማኖር ሰውን ከክፉው ፈንጣጣ ስላዳነ፤ መድኃኒቱ በላሚቱ ስም ተጠራ፡፡ በኋላም ሉዊ ፓስተር በ1881 እ.ኤ.አ. ለጄነር ክብር ሲል ስሙ ለማንኛውም እንዲህ ላለ መድኃኒት ሁሉ እንዲሆን አደረገ፡፡

የኛ ስም ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ ‹‹ክትባት›› እንላለን፡፡ ይህ ቃል ከተበ ማለትም ጻፈ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፡፡ በአንገት የሚንጠለጠለው ‹‹ክታብ››ም ከዚሁ ነው፡፡ አባቶቻችን ቆዳን ጫር ጫር አድርጎ መድኃኒት ማኖርን እንደ ጽሕፈት ቈጠሩት፡፡ በውነቱ ከፈንጣጣ ለመዳን ከታመመው ሰው ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛው ክንድ ማኖር በአገራችን የታወቀ ልማድ ነበር፤ ይህንንም በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጽፎታል፡፡ ይህ አደገኛ ቢሆንም ጥበብ ነበር፡፡ ስለዚህ ክትባት ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚፈራ ሰው ቢኖር፤ ስሙ የግዕዝ፤ ሐሳቡም ለአባቶቻችን አዲስ ያልነበረ መሆኑን ልንነግረው ይገባል፡፡

የጥበቡም ፍሬ ታይቷል፡፡ በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ተጀመረ፡፡ ከታቢዎቹ ተራራውን በእግራቸው ወጡ፤ ወንዙን ተሻገሩ፤ በረሃውን አቋረጡ፡፡ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘች፡፡ በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ለዓለም አወጀ፡፡

የ‹‹ደስታ››ስ ነገር? የእርሱም መጨረሻ በአገራችን ተፈጽሟል፡፡ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሆኖ ብርቱ ክትባት አገኘ፡፡ ነገር ግን ክትባቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ በቆላ ማድረስ አስቸጋሪ ነበር፡፡ በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ፤ በአፋር በረሃ ራሳቸው አርብቶ አደሮቹ ሠልጥነው የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ፡፡ ሐኪም ሊደርስበት ያልቻለውን ቦታ ባለ ከብቱ ራሱ ደረሰበት፡፡ ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ተመሰከረላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፡፡ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው፡፡ ዛሬ የከብቶቻችንን በሽታ የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከኛ ብዙ ሳይርቅ በሰበታ ይገኛል፡፡ ክፉውን ቀን ያመጣው መርዝ እንዳይመለስ የሚጠብቁት ዘበኞች ጎረቤቶቻችን ናቸው ማለት ነው፡፡

ወደ ጥያቄው ስንመለስ

በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፡፡ እኛ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፡፡ ‹‹ቫይረስ›› የሚለው ቃል ከሕፃን እስከ ሽማግሌ በሁሉ አፍ የገባው ያን ጊዜ ነው፡፡ ከእርሱም ጋር ‹‹ቨርቹዋል›› የሚል ሌላ ቃል መጣ፤ በክፍል ሳይገናኙ በስልክና በኮምፒዩተር መማር ማለት ነው፡፡ የሚገርመው ነገር፤ ‹‹ቨርቹዋል›› የ‹‹ዊርቱስ›› የልጅ ልጅ ነው፤ አካሉ ሳይኖር ኃይሉ የሚሠራ ማለት ነው፡፡ ከመርዝ የተወለደው ቃል ከክፍል አስወጣን፤ ከወንድ የተወለደው ቃል በሩቁ ሊያስተምረን ሞከረ፡፡ ስልክና መብራት የሌለው ልጅ ግን ከሁለቱም ቃላት ውጭ ሆኖ ቀረ፡፡

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናዘዝ፡፡ ያን ጊዜ እናቴ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ስትሰጠኝ፤ ከቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ስደርስ አውልቄ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር፡፡ የሰፈር ልጆች ‹‹ፈሪ›› እንዳይሉኝ ብዬ ነው፡፡ አያቴ በቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም የገፋ ነበር፡፡ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንም አልሆኑም፡፡ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ ግን ዶማ መያዝ ያሳፈራቸው የዚያ ዘመን ሰዎችና እኔ በአንድ ጥፋት መውደቃችን ገባኝ፡፡ ወንድነት የመሰለኝ ነገር ለአያቴ መርዝ ሊሆንባቸው ይችል ነበር፡፡

ስለዚህ ጓደኛችን ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ እነሆ፡፡ ቫይረስ ከወንድነት አልተወለደም፤ ሥሩ መርዝ ነው፡፡ ከወንድነት የተወለደው ምግባር ነው፡፡ ሁለቱ በጽሑፍ ቢመሳሰሉም በሥራ ጠላቶች ናቸው፡፡ መርዙ በመጣ ጊዜ ሁሉ ያሸነፈው ደረቱን የነፋ ሰው ሳይሆን፤ ዶማ ያነሣው ንጉሥ፤ ተራራ የወጣው ከታቢ፤ የወገኑን ከብት የከተበው አርብቶ አደርና ልጇን አዝላ ክንዱን ለመርፌ ያቀረበችው እናት ናቸው፡፡

ውድ ጓደኞቼ፤ መዝገበ ቃላት ስትገልጡ በቃሉ መልክ ብቻ አትመኑ፤ ዘሩን ጠይቁ፡፡ በሰውም ዘንድ እንዲሁ፤ ወንድነትን በመልኩ ሳይሆን በፍሬው እወቁት፡፡ የተማሪ ዕውቀት ውሱን ስለሆነ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ፤ መምህራንና ወላጆች በአባትነትና በእናትነት እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ፡፡